ኩልል ያለ ውኃ፦ በስምጥ ሸለቆ ትምህርት ቤቶች የሰባት ቀን የጉዞ ማስታወሻ

እሑድ፣ መጋቢት 8

ከአዲስ አበባ የተነሣነው በማለዳ ነው። ሦስት ነን፦ ለብዙ ዓመታት ኬሚስትሪ ያስተማርኩት እኔ፣ የውኃ ጥራት ምርመራ ባለሙያ የሆነችው ባልደረባዬና መኪናውን የሚነዳልን ወጣት። የጉዟችን ዓላማ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አካባቢ ባሉ አምስት ትምህርት ቤቶች እየተገኘን ስለ ንጹህ የመጠጥ ውኃና ስለ ውኃ ቁጠባ ማስተማር ሲሆን፣ በሐዋሳ የምንሰጠው የመጨረሻው ትምህርት የዓለም የውኃ ቀን ከሚከበርበት ከዓርብ መጋቢት 13 ጋር እንዲገጥም አድርገን ቀኑን ቆርጠናል። የጫንነው ዕቃ ብዙ አይደለም፤ አንድ የምርመራ ሳጥን፣ የናሙና ጠርሙሶች፣ መቶ የፕላስቲክ ኩባያዎች፣ አንድ የቡታጋዝ ምድጃ ከነድስቱ፣ እንዲሁም ባለ ቀለም ጠመኔ ነው።

ሞጆን አልፈን ወደ ደቡብ ስንታጠፍ የቆቃ ሐይቅ ታየን። ቆቃ እ.ኤ.አ. በ1960 የአዋሽ ወንዝ ሲገደብ የተፈጠረ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው፤ ዛሬ ብዙዎቻችንን በጣና ላይ የሚያሳስበን እምቦጭም በአገራችን መጀመሪያ የታየው በዚሁ በቆቃና በአዋሽ ላይ እ.ኤ.አ. በ1965 ነበር። ከዳር ያለው ውኃ አረንጓዴ ነው። አረንጓዴነቱን የሚሰጡት ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ የሚባሉት ጥቃቅን ሕዋሳት ሲሆኑ፣ አንዳንዶቹ ዝርያዎች የሚያመነጩት መርዝ ውኃው ቢፈላም እንዳለ ይቀራል። ባልደረባዬ ይህን እየነገረችኝ ሳለ በቦርሳዬ የያዝኩት የትምህርት ዕቅድ ሦስት ነገሮችን ብቻ የሚል ነበር፦ አፍልቶ መጠጣት፣ ከድኖ ማስቀመጥ፣ ሳያባክኑ መጠቀም። ሁለቱን ነገሮች ማገናኘት የነበረብኝ ያን ጊዜ ነበር፤ አላገናኘሁም። ማታ መቂ አደርን።

ሰኞ፣ መጋቢት 9

ትምህርት ቤቱ ከመቂ ከተማ ወጣ ብሎ የሚገኝ ሲሆን በሁለት ፈረቃ ያስተምራል። የጠዋቱ ሰልፍ ላይ የሚኒ ሚዲያ ተማሪዎች በድምፅ ማጉያ ካስተዋወቁን በኋላ፣ የ5ኛና የ6ኛ ክፍል ተማሪዎች በትልቁ ዋርካ ሥር ተሰበሰቡ። አብዛኞቹ የሚናገሩት ኦሮምኛ በመሆኑ የአካባቢ ሳይንስ መምህሩ አጠገቤ ቆሞ ያስተረጉምልኝ ነበር፤ «ቢሻን» ማለት ውኃ መሆኑን ለማወቅ ግን አስተርጓሚ አላስፈለገኝም፤ በሰልፉ ላይ ብቻ ስንት ጊዜ እንደተጠራ ቆጥሬ መጨረስ አልቻልኩም።

መቶዎቹን ኩባያዎች መሬት ላይ ደረደርናቸው። የምድር ውኃ ሁሉ እነዚህ መቶ ኩባያዎች ቢሆን 97ቱ ጨዋማ የባሕር ውኃ ናቸው ብዬ ልጆቹ እየቆጠሩ ወደ አንድ ወገን እንዲያነሷቸው አደረግሁ። ሦስት ቀሩ። ከሦስቱ ሁለቱ በዋልታዎችና በከፍተኛ ተራሮች ላይ የተከማቸ በረዶ ነው ስል እነርሱም ተነሡ። የቀረችው አንዷ ኩባያ ከሞላ ጎደል ከመሬት በታች ያለ ውኃ ናት፤ ዝዋይንና ላንጋኖን ጨምሮ በዓለም ላይ ያሉትን ሐይቆችና ወንዞች ሁሉ ለማሳየት ከዚያችው ኩባያ በጣቴ ጫፍ ጥቂት ጠብታ ብቻ አወጣሁ። ከኋላ የተቀመጡት ጠብታዋን ለማየት ተነሥተው ቆሙ። ይህ ትምህርት የትም ብሰጠው ፀጥታን ያመጣል፤ ዛሬም እንዲሁ ሆነ።

ከዚያ በኋላ በጥቁር ሰሌዳው ላይ በትልልቅ ፊደላት «ውኃን ሁልጊዜ አፍልታችሁ ጠጡ» ብዬ ጻፍኩ። ጥያቄ ያለው ካለ ብዬ ስጠይቅ አንዲት የ6ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። በመምህሩ አስተርጓሚነት የጠየቀችኝ ይህንን ነው፦ «ቲቸር፣ እናቴ የጉድጓዱን ውኃ ሁልጊዜ አፍልታ ነው የምትሰጠን። ታዲያ የወንድሜ ጥርስ ለምን በለዘ?»

መልሱን አውቀው ነበር፤ ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ በእሳተ ገሞራ አለቶች መካከል ረጅም ጊዜ ሲመላለስ ፍሎራይድ የሚባለውን ንጥረ ነገር ከአለቱ እያሟሟ ይወስዳል። በውኃው ውስጥ ያለው ካልሲየም አነስተኛ ስለሆነም ፍሎራይዱን ይዞ የሚያስቀርለት የለም። ፍሎራይድ በጥቂት መጠን ጥርስን የሚጠቅም ሲሆን ከልኩ ሲያልፍ ግን ጥርስን ያበልዛል፤ ለብዙ ዓመታት ሲጠጣም አጥንትን ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ከፍተኛ ልክ በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። እሳት ደግሞ ፍሎራይድን አያጠፋውም። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ትምህርቱን ለመላው አገር እንደሚሆን አድርጌ ቀርጬው ስለነበር፣ ልጅቷ በምትኖርበት ምድር ላይ ያለውን ዋናውን የውኃ ችግር ከዕቅዴ ውጭ ትቼዋለሁ። የሰጠኋት መልስ አጭርና የተቻኮለ ነበር፤ «ያ ሌላ ነገር ነው፤ ከአለት የሚመጣ ነው» አልኳት። እርሷም በአክብሮት ተቀመጠች፤ ነገሩ እንዳልገባት ግን ፊቷ ይናገር ነበር።

ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ከቤቷ ጉድጓድ በትንሽ ጄሪካን ውኃ አምጥታ ባልደረባዬ ትመረምርላት ዘንድ ለመነቻት። ምርመራው የሚሠራው ከቀይ ማቅለሚያ ጋር በማዋሃድ ነው፤ ውኃው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ በበዛ ቁጥር ቀዩ ቀለም እየፈዘዘ ይሄዳል፤ መሣሪያውም የፈዘዘበትን መጠን አንብቦ በቁጥር ያሳያል። የልጅቷ ጉድጓድ ውኃ ሲታይ ኩልል ያለ ነው፤ ሽታ የለውም፤ ቢቀምሱትም ያረካል። ቀዩ ቀለም ግን በዓይናችን ፊት ደበዘዘ፤ ንባቡም ከ1.5 አልፎ ሄደ። ሌሎች ጉድጓዶችም በአካባቢው እንዳሉ ስለነገረችን አምስት ባዶ የናሙና ጠርሙሶች ሰጥተናት፣ ከየትኛው ጉድጓድ እንደቀዳች በጠርሙሱ ላይ እንድትጽፍና ቅዳሜ ስንመለስ እንደምንወስዳቸው ቃል ገባንላት።

ማታ ዕቅዴን ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ ሠረዝኩት።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 10

ዝዋይ፣ በአሁኑ መጠሪያዋ ባቱ፣ የደረስነው ገና የመጀመሪያው ደወል ሳይደወል ነው። ከመምህራን ሻይ ክፍል አንድ ጭልፋ ጨው ለምኜ ወሰድኩ። ትምህርቱን የጀመርኩት በሦስት ብርጭቆዎች ሲሆን፣ በሁሉም ውስጥ ያለው ታክሞ የታሸገ ውኃ ነበር፤ በአንዱ ብቻ ማንም ሳያየኝ ጨው አሟሙቼበታለሁ። «ከሦስቱ የተለየው የቱ ነው?» አልኳቸው። ተጠግተው አዩ፤ አሸተቱ፤ ወደ ብርሃን አንሥተው መረመሩ። ግማሾቹ መሐለኛውን፣ ግማሾቹ የዳሩን አሉ። ሦስቱም ኩልል ያሉ ነበሩ። የጨው ውኃውን አንድ ልጅ በማንኪያ ጫፍ ሲቀምስና ፊቱን ሲያጨማድድ ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ ዓይን የማያየው ነገር በውኃ ውስጥ እንደሚኖር ከዚህ በላይ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ቀጥሎ አንድ ሊትር ውኃ በድስት አድርገን በልክ አንድ ማንኪያ ጨው ጨምረን በቡታጋዙ ላይ ጣድነው። ከመፍላቱ በፊት ሁለት ተማሪዎች ቀመሱት። ውኃው ሲፈላ ቴርሞሜትሩ የቆመው ከ95 ዲግሪ ጥቂት ዝቅ ብሎ ነበር፤ ይህ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትርን በሚያልፍ ቦታ ላይ የሚጠበቅ ስለሆነ፣ ከፍ ባለ ቦታ ውኃን ከፈላ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ማቆየት የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት መሆኑን በዚያው ነገርኳቸው። ውኃው ተኖ በግማሽ ሲቀንስ አውርደን አቀዘቀዝነው፤ እነዚያው ሁለት ተማሪዎች እንደገና ቀመሱት። አንደኛው ወዲያው «ጨምሯል!» አለ።

«ውኃው ወዴት ሄደ?»

«ተነነ፤ ወደ ላይ ሄደ።»

«ጨውስ?»

ከፊት የተቀመጠ ትንሽ ልጅ «ጨውማ ክንፍ የለውም» ሲል መለሰ።

ከዚህ የተሻለ አረፍተ ነገር በሠላሳ የትምህርት ዕቅድ ውስጥ ጽፌ አላውቅም። ፍሎራይድም ክንፍ የለውም። ውኃው በእንፋሎት እየሄደ በቀነሰ መጠን የቀረው ውኃ ፍሎራይዱን አጠንክሮ ይይዛል፤ ስለዚህ በፍሎራይድ የበለጸገን ውኃ ረጅም ሰዓት ማፍላት ይብስ እንደሆነ እንጂ አይቀንሰውም።

ይሁን እንጂ አንድ ልጅ ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ማፍላት አያስፈልግም ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ ይህን ጥያቄ ባይጠይቅ ኖሮ ትቼው የምሄደው ጉዳት ከመቂው የከፋ ይሆን ነበር። ስለዚህ ሰሌዳውን በሁለት ከፍዬ በአንዱ በኩል «እሳት የሚገድለው»፣ በሌላው በኩል «እሳት የማያስወጣው» ብዬ ጻፍኩ። ከመጀመሪያው ሥር የኮሌራና የታይፎይድ ባክቴሪያዎች፣ ተቅማጥ የሚያመጡ ቫይረሶች፣ ጃርዲያና አሜባ ገቡ፤ ልጆቹ በብዛት የሚያውቁት አተትን ስለነበር እርሱን እነርሱው ራሳቸው ጻፉት። ከሁለተኛው ሥር ጨው፣ ፍሎራይድ፣ ከማዳበሪያ የሚመጣ ናይትሬትና የተባይ ማጥፊያ ኬሚካል ገቡ። ለመጀመሪያው ረድፍ ማፍላት ወይም በክሎሪን ማከም መድኃኒቱ ነው፤ ለሁለተኛው ግን መድኃኒቱ ምርመራና ሌላ የውኃ ምንጭ መፈለግ፣ ወይም ለዚያ ተብሎ የተሠራ ማጣሪያ ነው። ክሎሪንም ፍሎራይድን እንደማያስወግድ ከሥሩ አሰመርኩበት።

ስለ ጥርስ ሳወራ ብዙ ልጆች አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ይህን አስቀድሜ ልገምት ይገባኝ ነበር። ንግግሬን አቋርጬ አስተርጓሚዬን መምህር ተመለከትኩት፤ እርሱም ሳልጠይቀው እጁን ከአፉ አንሥቶ ፈገግ አለና የበለዘ ጥርሱን አሳያቸው፤ በዚህ ምድር ተወልዶ በዚህ ምድር ውኃ ያደገ ሰው ነው። ጥርስ የሚበልዘው ባለመጽዳቱ ምክንያት እንዳልሆነ፣ ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ፣ ማንም ሊያፍርበት እንደማይገባ በራሱ ቋንቋ ነገራቸው። አንዲት ልጅ ጥርሷ እንዲነጣ ብላ ድዷ እስኪደማ በመፋቂያ ስትፍቅ እንደኖረች ተናገረች። ጉዳቱ የሚደርሰው ጥርሱ ገና ከድድ ውስጥ እየተሠራ ባለበት ዕድሜ፣ በአብዛኛው ከ8 ዓመት በፊት በመሆኑ፣ አሁን የምናደርገው ጥንቃቄ ይበልጥ የሚጠቅመው ታናናሾቻቸውን እንደሆነ ስንነግራቸው ብዙዎቹ በቤታቸው ያሉትን ሕፃናት ስም መጥራት ጀመሩ። የልጆች ትምህርት ከትምህርት ቤቱ አጥር ወጥቶ ወደ ቤት የሚገባው በዚህ መንገድ ይመስለኛል።

ከመምህራኑ ጋር ብቻ ስንሆን ስለ ወንጂ አወራን። በዚያ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ የጀመረው የስኳር ፋብሪካ በአገራችን የመጀመሪያው ሲሆን፣ ለዓመታት የጉድጓድ ውኃ ሲጠጡ ከኖሩት ሠራተኞች መካከል ጀርባቸው የደረቀና አጥንታቸው የተጎዳ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በሐኪሞች ተመዝግበዋል። ይህን ለልጆቹ አልነገርኩም፤ አስፈራርቶ ማስተማር ልጅን ከውኃው ያሸሸዋል እንጂ ሌላ ውኃ አይሰጠውም። መምህራኑ ግን ሊያውቁት ይገባል። ከዚያም ስለ ማጣሪያዎች ጠየቁን። ከሰል ከተደረገ የእንስሳት አጥንት የሚሠራ ማጣሪያ አለ፤ በአሉሚኒየም ሰልፌትና በኖራ ፍሎራይዱን አዝቅጦ የማውጣት ዘዴም አለ፤ ይህ ሁለተኛው በሕንድ አገር በተሞከረበት በናልጎንዳ ስም ይጠራል። ሁለቱም ይሠራሉ። ነገር ግን የአጥንቱ ከሰል ከጊዜ በኋላ መያዝ የሚችለውን ያህል ይዞ ይሞላል፤ የኬሚካሉም መጠን በየዕለቱ መለካት አለበት። መለዋወጫ የሚገዛ፣ ቀን ቆጥሮ የሚቀይርና የሚመረምር ሰው ያልተመደበለት ማጣሪያ፣ ሰዎች ያለ ሥጋት የተበከለ ውኃ እንዲጠጡ ስለሚያደርግ ከነጭራሹ ካለመኖሩ ይብሳል ብዬ አምናለሁ፤ ለመምህራኑም ይህንኑ ነገርኳቸው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 11

ከዝዋይ ሐይቅ የሚወጣው የቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ይፈስሳል፤ እኛም እርሱን ተከትለን ወረድን። የዛሬው ትምህርት ስለ ቁጠባ ነበር። ትምህርት ቤቱ የቧንቧ ውኃ የለውም፤ ልጆቹ የሚጠጡትን በየፕላስቲክ ጠርሙሳቸው ከቤት ይዘው ይመጣሉ። በዕቅዴ ላይ «ጥርስ ስትቦርሹ ቧንቧ ዝጉ» የሚል መስመር አለ። ቧንቧ አይቶ ለማያውቅ፣ በቀን አንድ ጄሪካን ውኃ ለመላው ቤተሰብ ለሚበቃበት ልጅ ይህን መናገር ስድብ ነው፤ ስለ ቁጠባ ከእኛ ይልቅ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። በዚህ ፈንታ የቤታቸውን አሠራር እንዲነግሩን ጠየቅናቸው። እግር የታጠቡበትን ውኃ ለጎመን እንደሚያጠጡ፣ የልብስ ማለቅለቂያውን ለቀጣዩ ልብስ መዘፍዘፊያ እንደሚያደርጉት ዘረዘሩልን፤ እኔም በማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ።

ቀጥሎ ርዕሰ መምህሩ ከክፍሉ አውጥቶ የአብያታን ሜዳ በጣቱ አሳየን። እርሱ ልጅ በነበረበት ጊዜ ውኃው ይደርስበት የነበረው ቦታ ዛሬ ነጭ የጨው ቅርፊት የጋገረበት ሜዳ ነው፤ የውኃው ጠርዝ ርቆ ይብለጨለጫል። አብያታ ጥልቀት የሌለው በመሆኑ ከላዩ የሚገባለት ውኃ ሲቀንስ ቶሎ ይሸሻል። ወደ እርሱ የሚገቡት ወንዞችና ዝዋይ ራሱ ለመስኖ በብዙ ፓምፕ ይቀዳሉ፤ ከሐይቁም ለሶዳ አሽ ማምረቻ ውኃ ሲወጣ ኖሯል፤ ድርቅም አለበት። ጎረቤቱ ሻላ ግን 260 ሜትርን የሚያልፍ ጥልቀት ስላለው እንዲህ በቀላሉ አይሸሽም። የሁለቱም ሐይቆች ውኃ አይጠጣም፤ ነገር ግን በአብያታ ላይ የሆነው ነገር በላይኛው ውኃ ላይ ምን እየተደረገ እንዳለ ይናገራል። አንድ ልጅ «ውኃውን የወሰደብን ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ብዙዎች ጥቂት ጥቂት ወስደዋል፤ ሲደመር ሐይቅ ሆነ አልኩት። ከዚያ በላይ ለማለት ጊዜ አልነበረንም፤ ነፋሱ የጨው አቧራ እያነሣ ስለነበር ወደ ክፍል ገባን።

ሐሙስ፣ መጋቢት 12

አርሲ ነገሌ አካባቢ ነን። የዛሬው ትምህርት ቤት ረጅም የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ሲሆን አሸንዳ ግን የለውም፤ በዝናብ ጊዜ ውኃው ከጣሪያው ወርዶ ግቢውን ቦርቡሮታል። የሒሳብ መምህሩን አስፈቅደን ክፍለ ጊዜውን ወሰድንና የጣሪያውን ርዝመትና ስፋት ተማሪዎቹ ራሳቸው በሜትር እንዲለኩ አደረግን። 30 በ8 ወጣ። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ አንድ ሊትር ውኃ ይሆናል። የጣሪያው ስፋት 240 ካሬ ሜትር ነው፤ ስለዚህ 10 ሚሊ ሜትር የሚሆን አንድ ጥሩ ዝናብ ብቻ 2,400 ሊትር ወይም 120 ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ያወርዳል። አንዲት ልጅ ቁጥሩን ሰሌዳው ላይ ከጻፈች በኋላ ጠመኔውን እንደያዘች ወደ መስኮቱ ሄዳ ጣሪያውን ቀና ብላ ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው።

የዝናብ ውኃ በአለት ውስጥ ስላላለፈ ፍሎራይድ የለውም ማለት ይቻላል፤ በዚህ ሸለቆ ውስጥ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። በሌላ በኩል ጣሪያ ላይ አቧራና የወፍ ኩስ ስላለ ዝናቡ ሲጀምር የሚወርደው የመጀመሪያው ውኃ ወደ ሮቶው ሳይገባ መፍሰስ አለበት፤ ሮቶውም የተከደነ፣ የሚቀዳውም ከታች በቧንቧ እንጂ በጣሳ እየተጠለቀ ሊሆን አይገባም። ከመጠጣቱ በፊት ደግሞ ይታከማል። የማክሰኞውን ሁለት ረድፍ እዚህም ጻፍነው፤ የዝናብ ውኃ የሚያሠጋው በመጀመሪያው ረድፍ እንጂ በሁለተኛው እንዳልሆነ ተማሪዎቹ ሳንነግራቸው ደረሱበት።

ስለ ማከሚያዎቹ በአጭሩ አሳየን። ውኃ አጋር ወይም መሰሉ ክሎሪን በዕቃው ላይ በተጻፈው ልክ ተጨምሮ 30 ደቂቃ ይጠበቃል፤ የደፈረሰ ውኃ ግን አስቀድሞ መጥለልና በንጹህ ጨርቅ መጣራት አለበት፤ ድፍርሱ ክሎሪኑን ይጨርሰዋልና። ክሎሪን በሌለበት ጥርት ያለ ውኃን ቀለም በሌለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ ለ6 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ማስተኛት፣ ሰማዩ ደመናማ ከሆነም ለሁለት ቀን ማቆየት ጀርሞችን ይገድላል።

በመጨረሻ ታሪክ ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1854 በለንደን ብሮድ ስትሪት በሚባል መንገድ አካባቢ ኮሌራ ተነሥቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ500 በላይ ሰዎች ሞቱ። ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም የሟቾቹን ቤቶች በካርታ ላይ እያመለከተ አብዛኞቹ በአንድ የውኃ ፓምፕ ዙሪያ እንደተሰበሰቡ አሳየ፤ የፓምፑም እጀታ እንዲነቀል ተደረገ። ልጆቹን ያስደነቃቸው ግን ካርታው አልነበረም፤ ያ ውኃ በጥሩነቱ የተወደደ መሆኑ ነው። ከዚያ ሰፈር የለቀቀች አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ጣዕሙን ስለምትወደው ከሩቅ ድረስ እያስመጣች ትጠጣው ነበር፤ እርሷም ሞተች። ስለ ለንደኑ ፓምፕ ስናገር ሐሳቤ በመቂው ጉድጓድ ላይ ነበር።

ዓርብ፣ መጋቢት 13

ሐዋሳ ላይ የዓለም የውኃ ቀን ነው። ይህ ቀን እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በየዓመቱ የሚከበር ሲሆን የትምህርት ቤቱ የውኃና ንጽህና ክበብ አባላት በሰልፍ ላይ ግጥም አነበቡ። እዚህ ቧንቧ አለ። ስለዚህ ረቡዕ ዕለት ያስቀረሁትን ትምህርት እዚህ አወጣሁት። በእጅ መታጠቢያው ካሉት ቧንቧዎች ሦስቱ ያንጠባጥባሉ። ከአንደኛው ሥር የግማሽ ሊትር ጠርሙስ አስቀምጠን ወደ ክፍል ገባን፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ ማለትም በ40 ደቂቃ ሞልቶ አገኘነው። ተማሪዎቹ አሰሉት፦ በሰዓት 750 ሚሊ ሊትር፣ በቀን 18 ሊትር፣ በ30 ቀን 540 ሊትር፣ ይህም 27 ጄሪካን ነው። የቡልቡላ ልጆች በቀን የሚጠቀሙበትን ውኃ ከዚህ ቁጥር አጠገብ ጻፍኩላቸው፤ ሌላ ነገር አልጨመርኩም። የክበቡ ሊቀመንበር የሆነው የ8ኛ ክፍል ተማሪ ከጥበቃው አባባ መፍቻ ተውሶ መጣ። የሁለቱ ቧንቧዎች ችግር ያለቀችው የውስጥ ጎማ ነበረች፤ ከእረፍት በፊት ተቀየረች። ሦስተኛው ባለሙያ ይፈልጋል።

ከሰዓት በኋላ ከከተማው ምሥራቅ ወዳለው ወደ ጨለለቃ ሄድን። ስሙ ሐይቅ ነው፤ የሚታየው ግን ከብት የሚግጥበት ረግረግ ነው። በዙሪያው ያሉት ተዳፋቶች ደን ሲራቆቱ ጎርፍ ያመጣው ደለል ሞላው። ከዚህ ረግረግ የሚወጣውና ጥቁር ውኃ የሚባለው ወንዝ፣ ዓመቱን ሙሉ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ የሚገባው ብቸኛ ወንዝ ነው፤ ሐይቁ ደግሞ በምድር ላይ የሚታይ መውጫ የለውም፤ ስለዚህ ወንዙ ይዞት የመጣው ደለልም ሆነ ቆሻሻ ሐይቁ ውስጥ ይቀራል። ሁለት ጠርሙስ ውኃ ቀዳን፤ አንዱን ከወንዙ፣ አንዱን ከሐይቁ። የወንዙን ጠርሙስ በጋዜጣ ላይ አቁመን ከላይ ስናይ ፊደሉ አይነበብም፤ ለፀሐይ ማከሚያ የሚሆን ውኃ ፊደል የሚያስነብብ መሆን አለበት። የሐይቁ ውኃ ፊደሉን አስነበበ። አንድ ተማሪ «ታዲያ የሐይቁ ይጠጣል?» ብሎ ሲጠይቅ ሌሎቹ ከእኔ በፊት መለሱለት፤ «ኩልል ማለቱን ነው ያየኸው!» አሉት።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 14

መቂ ትምህርት ቤት ስንደርስ ግቢው ባዶ ነበር፤ ዋርካው ሥር ልጅቷ ከእናቷና ከታናሽ ወንድሟ ጋር ተቀምጣ ትጠብቀን ነበር። አምስቱ ጠርሙሶች በተርታ ቆመዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ የጉድጓዱ ባለቤት መጠሪያ፣ የተቀዳበት ቀንና ከቤታቸው ስንት እርምጃ እንደሚርቅ በጥንቃቄ ተጽፏል። እርምጃውን እንድትቆጥር የነገርናት ሰው አልነበረም።

ባልደረባዬ የምርመራ ሳጥኑን በመኪናው መከለያ ላይ ዘርግታ አንድ በአንድ መረመረች። የመጀመሪያው ቀለም ፈዘዘ፤ ሁለተኛውም ፈዘዘ፤ ሦስተኛው ከሁሉም ይልቅ ነጣ። ጉድጓዶች በጥቂት መቶ ሜትር ልዩነት ውስጥ እንኳ ከአለቱና ከጥልቀቱ የተነሣ እጅግ ሊለያዩ እንደሚችሉ ለእናቲቱ እያስረዳኋቸው ሳለ አራተኛው ተጨመረ፤ ቀዩ ቀለም እንዳለ ቆመ። ንባቡ ከ1.5 በታች ነበር። አምስተኛው ከልኩ ጥቂት አለፈ።

እናትየው አራተኛውን ጠርሙስ አንሥተው ልጃቸው የጻፈችውን እንድታነብላቸው ጠየቋት። 2,140 እርምጃ፤ ከቤታቸው ጉድጓድ ብዙ ይርቃል። ዝም ብለው ካሰቡ በኋላ፣ ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ ከዚያ፣ ለማጠቢያና ለከብቱ ከቤታቸው ጉድጓድ እንደሚቀዱ ተናገሩ፤ ቀጥለውም «ይኼኛውንስ ማፍላት አለብኝ?» ብለው ጠየቁ። ልጅቷ ከእኔ ቀድማ በኦሮምኛ መለሰችላቸው፤ መምህሩ ባይኖርም ከእጇ እንቅስቃሴ ተረዳኋት፦ አንድ እጇን ወደ ግራ፣ አንዱን ወደ ቀኝ ዘርግታ የማክሰኞውን ሰሌዳ ባታየውም እንደዚያው በሁለት ትከፍል ነበር። የመቂው ርዕሰ መምህር የቀሩትን የሰፈሩን ጉድጓዶች ናሙና የትምህርት ቤቱ ተማሪዎች እንዲሰበስቡ ሌላ 20 ጠርሙስ እንድንተውላቸው ጠየቁን፤ የነበረን 14 ነበር፤ እርሱን ሰጥተን ተነሣን።